ዓይን ያየው ሁሉ ምስክር ይሆናልን?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። ጽሑፉ የምክር መልክ ቢይዝ እንኳ መካሪውም ተመካሪውም እኔ መሆኔን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት፣ ከተራዊሕ ሰላት ስመለስ በስልኬ አንድ ስክሪንሾት ደረሰኝ። የአንድ ባንክ የኢንተርኔት ገጽ ነው። ከላይ የባንኩ አድራሻ አለ፤ ከአድራሻው ጎን ያቺ ትንሽ የቁልፍ ምልክት አለች፤ ከሥር የሰፈራችን መስጂድ ማሠሪያ ሒሳብ ስም ተጽፏል። ቀሪ ሒሳብ የሚለው ቦታ ላይ ያለው ቁጥር 11,340 ብር ነው። ሕዝበ ሙስሊሙ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ፣ እናቶች የጆሮ ጉትቻቸውን ሳይቀር ሸጠው ያዋጡት ገንዘብ ግን ከስምንት መቶ ሺሕ ብር በላይ እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ገንዘብ ያዡ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ጋዜጠኝነት ተምሬአለሁ። አንድን ዜና ከማውጣታችሁ በፊት ከሁለት ወገን አጣሩ እየተባልኩ ነው የተመረቅኩት። ያን ሌሊት ግን ያደረግኩት ሌላ ነው። ምስሉን አርባ ያህል ሰዎች ወዳሉበት የሰፈራችን የቴሌግራም ቡድን አሳለፍኩትና ከሥሩ «ይህ ነገር መጠየቅ አለበት» ብዬ ጻፍኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። «ሰረቁ» አላልኩም፤ «ውሸት ነው» ብባልም «እኔ የጠየቅኩት ብቻ ነው» ለማለት የምታመች፣ መውጫ በር የተበጀላት ዓረፍተ ነገር ናት። እኛ ጋዜጠኞች እንዲህ ያለውን በር መሥራት እንችልበታለን። በአላህ ዘንድ ግን የሚመዘነው ኒያው ነው። ኒያዬን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።

ሐጂ በማግሥቱ ለሱብሒ ሲመጡ ሰላም ያላቸው ሰው ጥቂት ነበር። በሦስተኛው ቀን የካዝናውን ቁልፍ ለኮሚቴው አስረክበው፣ ሃያ ዓመት ከቆሙበት ከመጀመሪያው ሶፍ ለቀው በስተኋላ በር አጠገብ መስገድ ጀመሩ። ከዒድ በኋላ ኮሚቴው ከባንኩ ማኅተም ያረፈበት የሒሳብ መግለጫ አወጣ። ገንዘቡ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አለ።

ታዲያ ያ ዓይኔ ያየው ምን ነበር?

መልሱን ያገኘሁት ኮምፒውተር ከሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። ላፕቶፑን ከፈተና የእኔኑ ጋዜጣ ዌብሳይት አወጣ። «አጎቴ፣ ራስህ የጻፍከውን ምረጥ» አለኝ። አንዱን ጽሑፌን መረጥኩ። ኤፍ 12 የምትለዋን ቁልፍ ሲጫን ማያው ለሁለት ተከፈለ፤ በአንድ በኩል ገጹ፣ በሌላው በኩል ገጹ የተሠራበት ጽሑፍ። ርእሱን ፈልጎ አጠፋና ቀልድ ጻፈበት። አንባቢዬ የሚያውቀው የጋዜጣው አርማ፣ የእኔ ስም፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ ከላይ አድራሻው፣ የቁልፍ ምልክቷም ሳትቀር ሁሉም እንዳለ ነው። በመሃሉ ግን እኔ በሕይወቴ ጽፌው የማላውቀው ቃል ቁጭ ብሏል። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

የምሽቱ ትምህርት እንዲህ ነበር። አንድን ገጽ ስንከፍት ከባለቤቱ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ከሚሉት፣ ወደ እኛ የሚመጣው ቅጂ ነው። ብራውዘራችን ያን ቅጂ ተቀብሎ በእኛው መሣሪያ ላይ ይሠራዋል። ቅጂው በእጃችን ስለሆነ እንደፈለግን እንቀይረዋለን፤ ባለቤቱ አይሰማም፣ ሌላ ሰውም አያየውም። ያቺ የቁልፍ ምልክትም እኔ እንደመሰለኝ «የምታየው ሁሉ እውነት ነው» አትልም። የምትለው ከዚህ አድራሻ ጋር ያለህ መሥመር የተጠበቀ ነው፣ በመንገድ ላይ ማንም አልነካውም ነው። ቤት ከገባ በኋላ ስለሚነካው እጅ ምንም አትልም።

«አሁን ሪፍሬሽ አድርገው» አለኝ። አደረግኩ። ቀልዱ ጠፋ፤ ርእሴ ተመለሰ። ከማጥፋቱ በፊት ያነሣው ምስል ግን በላፕቶፑ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱን የሚመልስ ሪፍሬሽ የለም። ምስል የነጠብጣብ ክምር ነው፤ የትኛው ነጠብጣብ ከባንኩ መጣ፣ የትኛው ከሰውየው ጣት መጣ ብሎ አይለይም።

በነገራችን ላይ መሣሪያው በራሱ ነውር የለበትም። ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች የፊደል መጠን ወይም ቀለም ቢለወጥ እንዴት እንደሚመስል የሚሞክሩበት የዕለት ተዕለት ዕቃቸው ነው። እንዲያውም ባለማወቅ የሚወቀስበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የሴንት ሉዊስ ፖስት ዲስፓች ጋዜጠኛ፣ የግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ዌብሳይት ከጀርባው ባለው ጽሑፍ ውስጥ የመምህራንን የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር እንደያዘ አገኘ። አገረ ገዢው ማይክ ፓርሰን ሰውየውን ሰርጎ ገብ ነው ብለው እንደሚከሱት ዛቱ። ማንም ብራውዘር ያለው ሰው የሚያየውን በማየቱ ነው እንግዲህ። ዐቃቤ ሕጉ በየካቲት 2022 ክስ እንደማይመሠርት አስታወቀ። የእኔን ልብ የነካው ሌላው ነገር ነው። ጋዜጠኛው ያገኘውን ከማተሙ በፊት መጀመሪያ ወደ ባለጉዳዩ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነግሮ፣ ጉድለቱ እስኪስተካከል ጋዜጣው ዜናውን ይዞ ቆየ። እኔ ግን ሐጂ ቤቴ ከሦስት ደቂቃ መንገድ ላይ ሆነው ሳለ በራቸውን አላንኳኳሁም።

ክፉ እጅ ሲገባበት ግን ይህ ቀላል ነገር የሰው ኑሮ ያፈርሳል። በአሜሪካና በእንግሊዝ የታወቀ አንድ ማጭበርበሪያ አለ። አታላዩ ለአንድ አዛውንት ይደውልና «የሚመለስልዎት ገንዘብ አለ» ይላል። አግባብቶ ኮምፒውተራቸውን ከሩቅ የሚያዝበትን ፕሮግራም ያስጭናል። የባንክ ገጻቸውን ሲከፍቱ ማያውን ለአፍታ ይጋርድና 400 የነበረውን 4,000 ያደርገዋል። ከዚያ ማልቀስ ይጀምራል፤ «ተሳስቼ አብዝቼ ላክሁ፤ ካልመለሱልኝ ከሥራ እባረራለሁ፤ ልጆች አሉኝ» ይላል። አዛውንቱ ከገዛ ገንዘባቸው ያልተቀበሉትን «ይመልሳሉ»። ብዙውን ጊዜም በስጦታ ካርድ እንዲገዙና ቁጥሩን እንዲያነቡለት ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። አስተውሉ፤ እኚህ ሰው የተያዙት በስግብግብነታቸው አይደለም። የእኔ ያልሆነ ገንዘብ እጄ ገብቷል፣ ለባለቤቱ ልመልስ ብለው ነው። ሌባው ወጥመዱን የዘረጋው በአማናቸው ላይ ነው። ከስርቆት ሁሉ የከፋ ስርቆት ይህ ይመስለኛል።

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። በቴሌብርም ሆነ በባንክ መላክ ከተለመደ ወዲህ ዕቃ ገዝቶ «ልኬአለሁ፣ ይኸው ስክሪንሾቱ» ብሎ የሚሄድ አለ፤ ቀኑንና ብሩን በስልክ ቀይሮ ማለት ነው። ሱቅ ያላችሁ ወገኖቼ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ገንዘቡ በራሳችሁ ሒሳብ ገብቶ ካላያችሁ በሰው ስልክ ላይ ያያችሁት ምስል ነው፣ በቃ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አጋጠማቸው። እጃቸውን ከክምሩ ውስጥ ቢያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ጠየቁት፤ ዝናብ መቶት ነው አላቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም ነገሩት። አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት፣ ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። እኔ ሁልጊዜ ይህን ሐዲስ ስሰማ የማስበው ስለ ነጋዴው ነበር። አሁን ግን እጃቸውን ማስገባታቸው ይታየኛል። የላዩ ደረቅ መሆኑን ዓይናቸው አይቷል፤ በዚያ ግን አላበቁም።

በዲናችን ይህ «እጅ ማስገባት» ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኗል። በሒጅራ 110 ያረፉት ታቢዒዩ ኢብን ሲሪን እንደሚነግሩን፣ ሰዎች ቀድሞ ስለ ሐዲስ ሰነድ አይጠይቁም ነበር፤ ፊትና ከተነሣ በኋላ ግን ከማን ሰማችሁ፣ ስማቸውን ጥሩ ይሉ ጀመር። ኢማም አል-ቡኻሪ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚሁ ነው። የሐዲሱ ቃል ማማሩ አይበቃም፤ ማን ከማን ሰማ፣ ተገናኝተዋል ወይ፣ ሰውየው ታማኝ ነው ወይ ይባላል።

በሒጅራ 463 ያረፉት የባግዳዱ ሊቅ አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ ደግሞ የታወቀ ታሪክ አላቸው። ባለጉዳዮች የኸይበርን ሰዎች ከጂዝያ ነፃ የሚያደርግ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡት ነው የተባለ ሰነድ ለወዚሩ አቀረቡ፤ የሶሐቦች ምስክርነትም ሰፍሮበታል። ወዚሩ ለአል-ኸጢብ ሰጧቸው። እሳቸውም አይተው የተፈጠረ ነው አሉ። እንዴት ቢባሉ፣ ከምስክሮቹ አንዱ ሙዓዊያ ነው፤ እሱ የሰለመው በመካ ድል ጊዜ በ8ኛው ዓመት ሲሆን ኸይበር የተከፈተችው በ7ኛው ነው። ሌላው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ ነው፤ እሱ ከኸንደቅ በኋላ በ5ኛው ዓመት ሞቷል። ሰነዱ የከበረ ስም የተጻፈበት ነበር፤ ሊቁ ግን በስሙ ክብር አልደነገጡም፤ ቀኑን ቆጠሩ። እኔ የዚያን ሌሊት ምስል ቀን ብመለከት ኖሮ ዕለቱ ጁሙዓ ሆኖ ሳለ በምስሉ ጥግ ሐሙስ ተጽፎ እንደነበር አይ ነበር። በኋላ አየሁት።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናረጋግጥ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በሠራነው እንዳንጸጸት መሆኑን ገልጾ ነው። ጸጸቱን ቀመስኩት። በሌላ በኩልም አንድ ነገር ልበል። ስክሪንሾት ሊፈበረክ ይችላል ማለት ሁሉም የተፈበረከ ነው ማለት አይደለም። የምር የሰረቀ ሰውም ምስሉ ሲወጣበት «ኮምፒውተር ሠርቶት ነው» ብሎ ማምለጥ ይፈልጋል። ማረጋገጥ ለተከሳሹም ለከሳሹም ነው። ገጹን ራሳችን እንክፈት፤ የተላከልንን መገናኛ ሳይሆን አድራሻውን ራሳችን ጽፈን። የተሰረዘ ከሆነ እንደ ኢንተርኔት አርካይቭ ያሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የድሮ ገጾችን የሚያከማቹ አሉ። ማኅተም ያለበት ወረቀት እንጠይቅ። የእህቴ ልጅ እንዳሳየኝ ሪፍሬሽ ሲደረግ የሚያሳይ ቪዲዮ እንኳ አይበቃም፤ ብራውዘሩ ቅያሪውን እንዲይዝ የሚያደርግ ዘዴም አለ። ከሁሉ በፊት ግን የሰውየውን በር እናንኳኳ።

እኔ በሩን ያንኳኳሁት ዘግይቼ ነው። ሐጂ ቡና ላይ ነበሩ፤ ተቀምጬ እንድጠጣ አደረጉ። «ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ለስንት ሰው ነው የላክኸው ልጄ?»

«ለአርባ።»

«እና ለእኔ ብቻ ምን ትነግረኛለህ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከቤታቸው ስወጣ የሱረቱል በቀራ 160ኛ አንቀጽ ትዝ አለኝ። አንቀጹ የወረደው እውነትን በደበቁ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ከእነሱ የሚተርፉት ግን የተጸጸቱት ብቻ ሳይሆኑ ያበላሹትን ያስተካከሉና በግልጽ የተናገሩ ናቸው። ሦስቱም ናቸው የተጠየቁት። እኔ አንደኛውን ብቻ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ያን ማታ በዚያው ቡድን ስሜን ጠቅሼ ጻፍኩ፤ ምስሉ የተፈበረከ መሆኑን፣ ሳላጣራ ያሳለፍኩት እኔ መሆኔን። በመስጂዱም ከመግሪብ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ተነሥቼ ተናገርኩ፤ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዳንዱ አላህ ይቀበልህ አለኝ። አንዱ ደግሞ «ያለ ነገርማ አይወራም» ብሎ ሲያልፍ ሰማሁት። ሌሎቹ ምስሉን ለማን እንዳሳለፉት አላውቅም፤ የጠየቅኳቸውም አያስታውሱም።

ሐጂ ዛሬም የሚሰግዱት በስተኋላ በር አጠገብ ነው። ኮሚቴው ቁልፉን እንዲቀበሉ ሦስት ጊዜ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። ባለፈው ወር ደግሞ ያው ምስል ከሌላ ከተማ ተመልሶ ደረሰኝ። ቁጥሩ ያው 11,340 ነው፤ የተቀየረው የመስጂዱ ስም ብቻ ነው። ለላከልኝ ሰው «ከማን አገኘኸው?» ብዬ ጻፍኩለት። አንብቦታል፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ወሏሁ አዕለም።