እውነት እንቅልፍ ይነሣልን?

በመከራ ላይ ላለ ሰው የሚያስጨንቀውን እውነት መንገር ይገባልን? ወይስ ጥቂት እንዲያርፍ፣ እንቅልፍም እንዲወስደው ሲባል መደበቅ የፍቅር ሥራ ነው? ይህ ለክርክር ያህል ብቻ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። ከመሬት በታች ለተቀበሩ 33 ሰዎች የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ስለነበር፣ የእነርሱን ታሪክ ይዘን አብረን እንመርምረው።

ሐምሌ 29 ቀን 2002 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ በቺሊ አገር፣ በአታካማ በረሃ፣ በኮፒያፖ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሳን ሆሴ የማዕድን ጉድጓድ ተናደ። 33 ሠራተኞች 700 ሜትር ያህል ከመሬት በታች መውጫ አጡ። በአየር ማስገቢያው በኩል ለመውጣት ሞከሩ፤ መሰላሉ ግን እስከ ላይ አልተሠራም ነበር። የፈረቃው አለቃ ሉዊስ ኡርሱዋና ባልደረቦቹ ያለችውን ምግብ ቆጥበው፣ በ48 ሰዓት አንድ ጊዜ ሁለት ማንኪያ የቆርቆሮ ዓሣ፣ ጥቂት ወተትና ብስኩት እየተካፈሉ 17 ቀን ቆዩ። ነሐሴ 16 ቀን የመሰርሰሪያው ብረት ሲደርስባቸው፣ ሁሉም ደኅና መሆናቸውን የሚገልጽ ብጣሽ ወረቀት ከብረቱ ጋር አስረው ላኩ።

አገሩ በደስታ ተሞላ። ነገር ግን ሌላ ጭንቀት ተከተለ። ሰዎቹን ለማውጣት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ይህ ይነገራቸው ወይስ አይነገራቸው?

ጥያቄውን ከባድ ያደረገው የእንቅልፍ ነገር ነው። እንቅልፍ የሚታዘዘው ለድካም ብቻ ሳይሆን ለብርሃንም ነው። በዓይናችን የሚገባው የቀን ብርሃን በአእምሯችን ያለውን ሰዓት በየዕለቱ ያስተካክላል። ጨለማው ሳይቋረጥ ሲቀር ግን ያ ሰዓት ቀንና ሌሊትን ይስታል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በጥቂቱ ይቆጣል፤ ማመዛዘን ያቅተዋል፤ ተስፋም ይቆርጣል። በዚያ ሙቀትና ወበቅ ውስጥ ተጠጋግተው ለሚኖሩ 33 ሰዎች የአንዱ ሰላም ማጣት የሁሉም አደጋ ነበር።

ስለዚህ ዝም ይባል የሚል ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም። የእኛም ባህል የሚደግፈው ይመስላል። በአገራችን መርዶ በማታ አይነገርም። ሐዘንተኛው ሳያውቅ እራቱን ይበላል፣ ይተኛል፤ ሲነጋጋ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። ታዲያ ይህ መደበቅ አይደለምን?

በእኛ አስተያየት አይደለም። መርዶ ነጋሪው እውነቱን የሚያቆየው እስኪነጋ ብቻ ነው፤ ሰዓት ይመርጣል እንጂ እውነቱን አያስቀርም። ሁለተኛም ብቻውን አይመጣም። የሚያረዱት ሰዎች ከሐዘንተኛው ጋር የሚቀመጡ፣ ሲወድቅ የሚይዙ፣ እህል ቅመስ የሚሉ ናቸው። ዝምታው ለሐዘንተኛው ሲባል እንጂ ለነጋሪው ምቾት አይደለም።

በቺሊም የሆነው ይህን ይመስላል። ከተገኙ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ለመስከረም ወር የነጻነት በዓላቸው እንደማይደርሱ፣ ከፈረንጆች ገና በፊት ግን ይወጣሉ ተብሎ ተስፋ እንደሚደረግ ተነገራቸው። እውነቱም ብቻውን አልወረደም። «ርግብ» ብለው በሰየሟቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ምግብ፣ መድኃኒት፣ መብራትና ደብዳቤ ወረደላቸው። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ባለሙያዎች ቀንና ሌሊት በብርሃን እንዲለይላቸው መከሩ። አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው በሦስት ቡድን ተከፍለው በፈረቃ ሠሩ፤ ከመካከላቸው ሆሴ ኤንሪኬስ የተባለው ጸሎት ይመራ ነበር። ክፉውን ወሬ ሰምተውም ኖሩ።

በአንጻሩ ሰላማቸውን የነሣቸው ሌላ ነገር ነበር። ከቤተሰብ የሚላከው ደብዳቤ በሥነ ልቦና ባለሙያዎች እየታየ እንደሚወርድ ሲያውቁ ተቆጡ። የባለሙያዎቹ አሳብ ቀና ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ነገር የተደበቀበት ሰው የተነገረውንም ሁሉ ይጠራጠራል። የታወቀ ችግር ልክ አለው፤ የጥርጣሬ ግን ልክ የለውም። ጋደም ብሎ «ያልነገሩኝ ምን ይሆን?» የሚል ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ሆኖም እውነት መናገር ብቻ በቂ ነው ብለን አንደመድምም። ጥቅምት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በ69ኛው ቀን፣ 33ቱም ወጡ፤ ኡርሱዋ የመጨረሻው ነበር። ዓለም አጨበጨበ፤ ካሜራውም ሄደ። ብዙዎቹ ግን ከዚያ በኋላ በቅዠት፣ በእንቅልፍ ማጣትና በጭንቀት ተሠቃዩ። ሰውነታቸው በአንድ ቀን ቢወጣም አእምሯቸው ገና በጉድጓዱ ውስጥ ነበር። እንኳን ደስ ያላችሁ ያለው ሕዝብ ሁሉ በዚያ ሌሊት አጠገባቸው አልነበረም።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች ከዚህ ምን እንውሰድ? እውነትን ለሰው ስንነግር ሰዓቱን እንምረጥ፤ ነገር ግን «ለእርሱ ብዬ ነው» እያልን ለራሳችን ስንል እንዳንደብቅ እንጠንቀቅ። ከተናገርን በኋላም ትተን አንሂድ። ከመካከላችን ፊቱ እየሳቀ ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ ወንድም ወይም እኅት ሊኖር ይችላል። የእንቅልፍ ማጣቱን የእምነት ጉድለት አድርገን አንፍረድበት። እናዳምጠው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው ከሆነም አብረነው እንሂድ። በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሰን «ሌሊቱ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቀው።