ተረትና የተሰወረው ዳኛ

ተረት ለልጅ የሚነገር፣ ዐዋቂም ልጁን ለማስተኛት ሲል ብቻ የሚያስታውሰው ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ አገር የተለመደ ቢሆንም፣ በዓለም እጅግ የታወቁት ተረቶች የተሰበሰቡበት ታሪክ ይህን አይደግፍም። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያኮብና ቪልሄልም ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 የተረት መድበላቸውን የመጀመሪያ ቅጽ ሲያሳትሙ፣ መጽሐፉ የሊቃውንት ማብራሪያ የተጨመረበት ስለ ነበር ለልጅ አይመችም ተብሎ ተነቅፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1815 ለወጣው ሁለተኛ ቅጽ ብዙ ተረት የነገረቻቸው ዶሮቴያ ፊማንም በካሰል ከተማ አጠገብ የምትኖር፣ ዕድሜዋ ከአምሳ ያለፈ የልብስ ሰፊ ሚስት ነበረች። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 በስኮትላንድ ባሰማው ንግግር፣ ተረትና ሕፃናት የተቆራኙት በአጋጣሚ እንጂ በተፈጥሮ እንዳልሆነ የተከራከረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ዐዋቂን ወደ ተረት የሚመልሰው መልካሙ ፍጻሜ ነው የሚለው የተለመደ መልስ ሐሰት ባይሆንም ጥልቀት ይጎድለዋል። ኑሮን የቀመሰ ሰው ደግ ሁልጊዜ እንደማይሸለም፣ ክፉም ሁልጊዜ እንደማይቀጣ ያውቃልና፣ ተረት ከፍጻሜው በቀር ሌላ ነገር ባይኖረው ኖሮ ገና በጠዋቱ በተወው ነበር።

ዐዋቂን የሚመልሰው ያ ሌላ ነገር ተረት የሚያነሣው ጥያቄ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ለሕፃናት የሚነገረው ተረት ሁሉ እንዲመረመርና ጎጂው እንዲከለከል ይጠይቃል፤ የሚያስደንቀው ግን በዚያው ክፍል፣ ከዚህ አስቀድሞ፣ የመጽሐፉን ከባዱን ጥያቄ የሚያነሣው ራሱ ተረት መሆኑ ነው። ግላውኮን የተባለው ተናጋሪ፣ ሲያዞሩት ከዐይን የሚሰውር ቀለበት ስላገኘ እረኛ ይተርካል፤ እረኛው በቀለበቱ ኀይል ንግሥቲቱን አባብሎ፣ ንጉሡን ገድሎ፣ ዙፋኑን ይይዛል፤ የማይታይ ሰው ጻድቅ ሆኖ ሊኖር ይችላልን የሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄም ከዚህ ይወለዳል።

ግሪሞች ያሳተሟቸው «ሜርሼን»፣ ማለትም ጊዜና ስፍራው ሳይወሰን ድንቅ ነገር የሚፈጸምባቸው ተረቶች፣ ይህንኑ ጥያቄ ገልብጠው ያቀርቡታል፤ በግላውኮን ተረት የሚሰወረው አድራጊው ሲሆን፣ በእነርሱ ዘንድ የሚሰወረው ዳኛው ነው። «የወርቅ ዝይ» በተባለው ተረት ሦስት ወንድማማቾች በየተራ ወደ ጫካ ሲወርዱ አንድ ሽበታም ትንሽ ሰው ምግብና መጠጥ ይለምናቸዋል፤ መልካም ቂጣና ወይን የያዙት ሁለቱ ታላላቆች ይነፍጉታል፣ እንደ ሞኝ የተቆጠረው ታናሽየው ግን በአመድ የተጋገረ ቂጣውንና የኮመጠጠ ቢራውን ያካፍለዋል። ታናሽየው ይህ ሽማግሌ የተሰወረው ዳኛ መሆኑን ስለማያውቅ የሰጠው ለዋጋ ብሎ አይደለም፤ ምግባር ለሽልማት ሲባል ከተሠራ ምግባር ነውን የሚለውን የፈላስፎች ሙግትም ተረቱ በዚህ ያልፈዋል። አብርሃም በመምሬ ያስተናገዳቸውን እንግዶች፣ ደግሞም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጻድቃኑ መቼ እንዳበሉት ለማያውቁት ጌታ የሚያቀርቡትን የመገረም ጥያቄ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሥርዐት እንግዳ አይሆንበትም።

የአንባቢው ዕድሜ ለውጥ የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። ልጅ ተረቱን ሲሰማ ያለ ጥርጥር ራሱን ታናሽ ወንድም ያደርጋል፤ ዐዋቂ ግን ስንት ለማኝ አልፎ እንደ ሄደ ስለሚያውቅ፣ በታላላቆቹ ስፍራ ራሱን ያገኛል። በሌላው የግሪሞች ተረት ስኖው ዋይትን ያሳደደችው ንግሥት በእሳት የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት እንድትጨፍር ሲፈረድባት ልጅ ሳይረበሽ ዐዋቂ የሚሰቀጥጠውም፣ ቅጣቱ በእውነት ጨካኝ ከመሆኑ ሌላ፣ ልጁ ፍትሕን ሲጠብቅ ዐዋቂው ምሕረት እንደሚያስፈልገው ስለተረዳ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚሰበስበው «ሽማግሌው አያትና የልጅ ልጁ» የተባለው፣ ድግምትም ተአምርም የሌለበት አጭር የግሪሞች ተረት ሲሆን፣ ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይም ለሕፃናት ማንበቢያ ብሎ እንደ ገና ጽፎታል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አያት ሾርባ ስለሚያፈስ ልጁና ምራቱ ከምድጃ ኋላ ያስቀምጡታል፣ የሸክላ ሳሕኑ ሲሰበርበትም የእንጨት ይገዙለታል፤ ከዚያ የአራት ዓመቱ የልጅ ልጅ ስብርባሪ እንጨት ሲገጣጥም ይታያል፣ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅም ሲያድግ አባቱና እናቱ የሚበሉበት ገንዳ መሆኑን ይናገራል። ወላጆቹ አልቅሰው ሽማግሌውን ወደ ገበታው ይመልሱታል። በዚህ ተረት ዳኛው ከሌሎች ብቻ ሳይሆን ከራሱም ተሰውሯል፤ ሕፃኑ ያየውን መድገሙ እንጂ መፍረዱ አልነበረምና።

ሕፃን አድማጭ በእኩያው ብልኀት ይደሰታል፣ ወላጅ የሆነ ሰው ደግሞ በገዛ ልጁ ፊት ያፍራል። ያረጀ አንባቢ ግን ከሁለቱ የተሰወረውን ያያል፦ አያቱ ወደ ገበታው ቢመለስም፣ ከምድጃው ኋላ ያሳለፋቸውን ቀናት የመለሰለት የለም፤ ተረቱም ስለ እነዚያ ቀናት ካሳ አንድ ቃል አይናገርም። የጠፋው ዘመን በማን እጅ እንደሚካስ መጠየቅ የሚጀምረው ተረቱ ዝም ባለበት በዚህ ስፍራ ነው፤ ጥያቄውም ከዚህ በኋላ የሃይማኖት ነው።