የረገፈ ቅጠል ርስትነቱ የማን ነው?

ከዛፍ የረገፈ ቅጠል ርስትነቱ የማን ነው? ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ቢመስልም፣ ከኮተቤ በላይ ያለውን የእንጦጦን ተዳፋት ለሚመለከት ሰው የፍትሕም የሃይማኖትም ጥያቄ ነው፤ ቅጠሉን ጠርጋ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድር ድኻ እናት፣ ንጹሕ መናፈሻ አያለሁ ብሎ የሚመጣ ጎብኚ፣ አንደበት የሌላት ምድርም ሁሉም የእኔ ነው ሊሉ ይችላሉና።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ ባጣች ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ ከተማዪቱን ያጸና ባለውለታ ነው። ደርቆ እንደ ማጭድ የቆለመመው ቅጠሉ ዘይት ስላለበት ከምጣድ ሥር ሲገባ እየተንጣጣ ይነድዳል፤ ስለዚህ እናቶች ጠራርገው፣ በጆንያ ጠቅጥቀው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ያወርዱታል። ይሁን እንጂ ከዛፉ ጥላ ሥር ሣር እንደ ልብ ስለማይበቅል፣ አፈሩን ከሐምሌ ዶፍ የሚከልለው ልብስ ይኸው ርጋፊ ነው፤ እርሱ በተገፈፈበት ዳገት ላይ የዛፉ ሥር እስኪገለጥ ድረስ አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል።

በሜዲትራንያን ዳርቻ ያሉ አሕዛብም በዚሁ ነገር ይፈተናሉ። ፖሲዶኒያ የተባለው የባሕር ሣር በመጸው ቅጠሉን ሲያራግፍ ማዕበሉ ወደ ዳር ተፍቶ ይቆልለዋል፤ ለመዋኘት የመጣው እንግዳ ሽታውን ስለሚጠየፍ ባለሆቴሉ በመኪና ያስዝቀዋል፤ ዳሩ ግን ያ ቁልል የማዕበሉን ኃይል ሰብሮ አሸዋውን የሚይዝ ስለ ነበረ፣ አሸዋውም ከሣሩ ጋር ተዝቆ ስለሚሄድ፣ እንግዳው የወደደው ዳርቻ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል። ጉድፍ የተባለው ነገር የፍጥረት ሥርዓት አንድ ክፍል ነበረ።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ባለ እርሻው የማሳውን ዳር ሳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ሳይለቅም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል፤ ሞዓባዊቷ ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቃርሚያ የባለጸጋው ቸርነት ሳይሆን፣ ምድር የእግዚአብሔር በመሆኗ ለምስኪኑ የተቆረጠ ድርሻ ነው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 25 ለምድርም በሰባተኛው ዓመት ሰንበት ወስኖላታል፤ ድኻውን ያሰበ ሕግ ምድርን አልረሳም።

በእኔ ሕሊና ምድር ትቀድማለች፤ እርሷ ከተራቆተች የሚቃረም ነገር አይኖርምና። ከእርሷ ቀጥላ እናቲቱ ናት፤ ጎብኚው የመጨረሻው ነው። ሆኖም በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ የሚበላ ሰው፣ ዛሬ ቅጠሉን ትታ ባዶ እጇን ትውረድ ብሎ በእርሷ ላይ ቢፈርድ፣ ይህ ፍርድ ርትዕ የለበትም። የምድርን ዕዳ ለድኻ ብቻ ማሸከም ግፍ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በጋራው ውበት የምንደሰት ሁሉ የዕዳው ተካፋዮች ነን።

እንግዲህ ዳገት የበዛበት ቦታ ከነቅጠሉ ይተው፤ ሜዳማው በየዓመቱ በፈረቃ ይጠረግ፤ ለምድር ዕረፍት ሲባል ገቢዋ ለሚጎድልባት እናት፣ በባሕር ዛፉ መካከል ጽድና ወይራ ተክላ የምትንከባከብበት ደመወዝ ከጎብኚው ገንዘብ ይቆረጥላት። የመናፈሻውን መንገድ የሚጠርገው ሠራተኛም የሰበሰበውን አስቀድሞ ወደ ዛፎቹ ሥር ይመልሰው፤ የተረፈውን ለእናቶቹ ያስረክብ።