የእሁዱ ሽርሽር የማን ነው?

መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸውን በአውቶቡስ አሳፍረው ቢሾፍቱ መውረድ ከለመዱ ሰንብተዋል። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሆራና ባቦጋያ ሐይቆች ዳር ነፋሻ አየሩ፣ ጥብሱ፣ ገመድ ጉተታው አለ። ሥራ አስኪያጁ ቁምጣ ለብሰው ከጥበቃው ጋር ኳስ ሲራገጡ ማየትም እሰየው ያሰኛል። ክፋት የለውም።

ታዲያ የቀረ ሰው ስሙ የሚመዘገበው ለምንድን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት ያላነሰ፣ ያልተቆራረጠ ዕረፍት ይሰጠዋል። እሁድን ጠብቃ ልብሷን የምታጥብ፣ የታመመች እናቷን የምትጠይቅ ጸሐፊ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ተብላ ስትጠራ እምቢ ማለት ካቃታት፣ ሽርሽሩ ክፍያ የሌለው ትርፍ ሰዓት ሆነባት ማለት ነው። እምቢ የማይባል ግብዣ ደግሞ ጥብሱ ቢጣፍጥም ያው ትእዛዝ ነው።

ቤተሰብነት የሚፈተነው ሰኞ ጠዋት ነው። የቀረችውን «ምነው፣ ደህና ነሽ?» የሚላት አለ ወይስ ፊት የሚነሣት?

ለነገሩ ፍቅሩ እውነት ከሆነ መላው ቀላል ነው። እስቲ ሽርሽሩን ዓርብ፣ በሥራ ሰዓት አድርጉት። ያኔ ማን ይቀራል?