ስለ መርማሪ ዕዳ

ሰውን መርምሮ ሕመሙን ከነገሩት በኋላ ትቶት መሄድ ይገባልን? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ዳሩ ግን በዘመናችን ያለ ሐኪም የሚመረምር መሣሪያ ስለ ተገኘ እንደገና ልናስብበት የሚገባን ይመስለኛል። መሣሪያው የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን ፎቶግራፍ አይቶ የሚፈርድ ነው፤ የሚሠራበትም ጥበብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል።

አስቀድሜ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልናገር። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለብዙ ዓመታት ሲቆይ፣ ከዓይን በስተኋላ ሆኖ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ መጋረጃ፣ ይኸውም ሬቲናን፣ የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ሥሮቹ ያፈስሳሉ፣ ይደፈናሉ፤ በኋላም ደካማ የሆኑ አዳዲስ ሥሮች ይበቅሉና ይደማሉ። ክፋቱ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው አንዳች አይሰማውም፤ ጋዜጣውን ያነባል፣ መንገዱንም አይስትም። ዓይኑ ብዥ ማለት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ነገሩ ዘግይቷል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በሌዘር ጨረርና በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ብርሃኑን ለማቆየት ይቻላል፤ ስለዚህም ሐኪሞች የስኳር ሕመምተኛ ምንም ባይሰማው እንኳ በየዓመቱ ዓይኑን ይታይ ይላሉ። እኔም ከሕመምተኞቹ አንዱ ስለ ሆንሁ ምክሩን አውቀዋለሁ፤ ወረፋውንም እንዲሁ።

መሣሪያው የመጣው መታየት የሚገባው ሰው ብዙ፣ የሚያየው ሐኪም ግን ጥቂት ስለ ሆነ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የምጽፈውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ሐኪም ሥዕሉን ሳያየው ራሱ ውጤት የሚሰጠውን የመጀመሪያውን መሣሪያ ፈቀደ። የሠራውም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪም የሆኑት ማይክል አብራሞፍ ያቋቋሙት ኩባንያ ነው። በ900 ሰዎች ላይ ሲፈተን ሕመሙ ከቀላል ደረጃ ካለፈባቸው ከመቶ 87 ያህሉን፣ ካላለፈባቸውም ከመቶ 90 ያህሉን በትክክል ለየ። መልሱ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ወይ «ወደ ዓይን ሐኪም ሂድ»፣ ወይ «ከ12 ወር በኋላ ተመለስ» ይላል።

ይህ ነገር ሲነሣ ሰዎች ሁልጊዜ የሚከራከሩት ማሽን እንደ ሐኪም ሊያይ ይችላልን በማለት ነው። ክርክሩን ለዐዋቂዎቹ እተወዋለሁ፤ ሐኪምም ይሳሳታልና። እኔን የሚያሳስበኝ ከመልሱ በኋላ ያለው ነው። «ሂድ» የተባለው ሰው ወዴት ይሂድ?

የጉግል ኩባንያ ሰዎች የራሳቸውን መሣሪያ በታይላንድ አገር በ11 ክሊኒኮች አግብተው ያዩትን በ2020 ዓ.ም. አሳትመው አውጥተዋል፤ ስለ ግልጽነታቸውም ሊመሰገኑ ይገባል። ቀድሞ ሕመምተኛው ውጤቱን እስከ 10 ሳምንት ይጠብቅ ነበር፤ በመሣሪያው ግን ወዲያው እንዲሰማ ታሰበ። ነገር ግን ክፍሎቹ በሚገባ ሊጨልሙ ስላልቻሉ ብዙው ሥዕል ደበዘዘ፤ ከ1,838 ሥዕሎችም ከመቶ 21 የሚሆኑትን መሣሪያው አልቀበልም አለ። ሥዕሉ ያልተነበበለት ሕመምተኛ ደግሞ ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ የሚል ደንብ ነበረ። ሐኪሙም ሩቅ ነው። የሥራ ቀን ይባክናል፣ የመሳፈሪያም ገንዘብ ይወጣል። ከነርሶቹ አንዳንዶቹ ይህን ስላዩ ሕመምተኞቹ በጥናቱ እንዳይገቡ ይመክሩ ጀመር። በእኔ አስተያየት እነዚህ ነርሶች ሥነ ምግባር ከሚያስተምሩ ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ነገሩን አስተውለውታል፤ የመሣሪያው ቃል በደሀ ላይ ምን እንደሚያስከትል ያወቁት እነርሱ ናቸውና።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ ድሬሰር በየሳምንቱ እየመጣ የዓይን ማዝ እንዳለብን ለማየት የዓይናችንን ሽፋን ይገለብጥ ነበር። በአንድ እጁ ሲገለብጥ በሌላው እጁ የቅባቱን ቱቦ ይዞ ነበር፤ አይቶ ባዶ እጁን የሄደበትን ቀን አላስታውስም። ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሊቃውንትም በ1968 ዓ.ም. ለዓለም የጤና ድርጅት በጻፉት መጽሐፍ ይህንኑ ደንብ አድርገውታል፤ ጤነኛ መስሎ የሚሄደውን ሰው ጠርቶ የሚመረምር፣ ለሚገኘው ሕመም መታከሚያው ስፍራ መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ ይላሉ።

ምናልባት አንባቢዬ «ሰው ሕመሙን ማወቁ ብቻውን አይጠቅምምን?» ይለኝ ይሆናል። በእርግጥ ይጠቅማል፤ ያወቀ ሰው ስኳሩንና የደም ግፊቱን ይጠብቃል፣ ላሙንም ሽጦ ቢሆን ይታከማል። በሩዋንዳ ተፈትኖ በ2022 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ የመሣሪያውን መልስ ወዲያው ከሰሙት ከመቶ 51.5 የሚሆኑት ወደ ተላኩበት ሐኪም ሄዱ፤ ውጤቱን ከሰው ለማግኘት ጥቂት ቀን ከጠበቁት ግን የሄዱት ከመቶ 39.6 ብቻ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያው አይምጣ አልልም። ዳሩ ግን ወዲያው ከሰሙትም እኩሌታ የሚሆኑት ቀርተዋል። እነርሱን ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ዓርባ ዓመት ያህል ደብተር ሳርም ኖሬአለሁና ቀይ ምልክት አድርጎ ደብተሩን መመለስ ማስተማር እንዳልሆነ ከማንም ይልቅ ለእኔ ግልጽ ነው፤ ተማሪው ስሕተቱን ያያል እንጂ በዚያ ብቻ አይማርም።

አብራሞፍ መሣሪያው ቢሳሳት ኃላፊነቱን ኩባንያቸው እንደሚወስድና ለዚሁም መድን እንደ ገባ ተናግረዋል። ይህ የታማኝ ነጋዴ ሥራ ነው። ነገር ግን ለሐሰተኛው መልስ ዋስ ከተገኘ፣ ለእውነተኛው መልስስ ዋሱ ማን ነው? ማሽኑ ሳይሳሳት «ልትታወር ነው» ብሎ ከሌዘር ርቆ ለሚኖር ገበሬ ቢነግረው፣ ገበሬውም ወደ ቤቱ ተመልሶ ቀስ በቀስ ቢጨልምበት፣ ማንም አጥፍተሃል ተብሎ አይከሰስም። ሥራው ሁሉ በትክክል ተሠርቷልና። እንዲህ ያለው ነገር ለእኔ ከስሕተት የከፋ ነው፤ ስሕተትስ ቢያንስ ይቅርታ የሚጠይቅለት ሰው አለው።

በአገራችን የዓይን ሐኪሞች የሚበዙት በአዲስ አበባ ነው፤ የሬቲና ሕክምናም ከጥቂት ከተሞች አላለፈም። መሣሪያው ወደ ወረዳ ሲወርድ የሚገዛው መሥሪያ ቤት ዋጋውን በሚጽፍበት ወረቀት ላይ የሌዘሩንና የመርፌውን ወጪ፣ የሕመምተኛውንና ደጋፊ ሆኖ የሚመጣ ልጁን የአውቶቡስ ገንዘብ አብሮ ይጻፍ። በሦስተኛው ሳምንት ደውሎ «አባቴ፣ ሄዱ ወይስ ቀሩ?» ብሎ የሚጠይቀውም ሰው ደመወዝ እዚያው ይግባ።