ልጅ የጠየቀ እንደ ሆነ

ወዳጆች ሆይ፤ ታናሽ ልጅ ታላቁን ሰው ታላቁ የማያውቀውን ነገር የጠየቀው እንደ ሆነ፣ ምን ሊመልስለት ይገባል? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ ቤት መልሱ ቍጣ ነው። «ዝም በል፤ ታላላቆችን አትመርምር» ይባላል። ልጁም ዝም ይላል፤ ከዚያም ወዲያ ሁለተኛ አይጠይቅም። እንግዲህ ይህ ዝምታ መልካም ጠባይ ነውን? ወይስ ጉዳት?

የሞያሌን ከተማ እንመልከት። በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ተቀምጣ ለሁለት የተከፈለች ናት። በኬንያው ወገን የሚኖር ልጅ ለገበያ ወደ ኢትዮጵያው ወገን ቢሻገር፣ በጥቂት እርምጃ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በ12 ወር ፈንታም 13 ወር ያገኛል። ሙስሊም ጎረቤቱ ደግሞ በጨረቃ 354 ወይም 355 ቀን ቈጥሮ ዓመቱን ይዘጋል።

የቦረና ሽማግሌዎችም የራሳቸው አቈጣጠር አላቸው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ ስለ ገዳ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጡት፣ አያንቱ የተባሉት የቀን ዐዋቂዎች ጨረቃን ከከዋክብት ጋራ እያስተያዩ ወሩን ይለያሉ። ሳምንት የላቸውም፤ ቀኖቹ 27 ስሞች አሏቸው። ወሩ ግን 29 ወይም 30 ቀን ስለ ሆነ፣ ስሞቹ ቀድመው ያልቁና እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። እንግዲህ 29 ቀን ያለው ወር በመጀመሪያው ስም የገባ እንደ ሆነ፣ የሚከተለው ወር በስንተኛው ስም ይገባል? ልጁ በጣቱ ቈጥሮ «በሦስተኛው» ብሎ ሊመልስ ይችላል።

ይህ ልጅ «ፀሐይዋ አንዲት፣ ጨረቃዋም አንዲት ስትሆን ዓመቱ ስለ ምን ተለያየ?» ብሎ ቢጠይቅ ደፈረ አይባልም። ከፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ላይ የጨረቃን 354 ቀን ቀንስ ብንለው 11 ያገኛል። ይህም 11 በባሕረ ሐሳብ በ19 ዓመት ዙር ውስጥ አበቅቴ በየዓመቱ የሚጨምርበት ቍጥር ነው። የደጋው መሪጌታና የቆላው አያንቱ አንዱን ሰማይ እየተመለከቱ እንደ ቈጠሩ ልጁ በገዛ እጁ ያገኘዋል። በገዛ እጁ ያገኘውንም አይረሳውም።

አንዳንዶች ግን «ብዙ መጠየቅ ትዕቢትን ይወልዳል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ጥቂት ዐውቆ ሽማግሌን የሚንቅ ወጣት አይተናልና። ነገር ግን ትዕቢት የሚመጣ ከመጠየቅ ሳይሆን ዐውቄ ጨርሻለሁ ከማለት ነው። ዮሐንስ ኬፕለር ገና ሕፃን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1577 ጅራታም ኮከብ በታየ ጊዜ፣ እናቱ ወደ ከፍታ ቦታ አውጥታ አሳየችው። ካደገም በኋላ ነገረ መለኮት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1594 ግን የሒሳብ መምህር ሆነ። ስለ ማርስ መንገድ ብዙ ዘመን የደከመበት ስሌት በሰማይ ከታየው ጋራ ሲመዘን፣ አንድ ዲግሪ በ60 ቢከፈል 8 ክፍል ያህል ብቻ ተሳሳተ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ችላ ባለው ነበር። እርሱ ግን ስሌቱን ጣለ፤ ፈልጎም መንገዱ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1609ም አሳተመው። ቍጥር ሰውን እንዲህ ትሕትና ያስተምረዋል፤ ሰማይ ለማንም ሰው አሳብ አይታዘዝምና።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ የማናውቀውን «አላውቅም» ማለት ክብራችንን አይቀንሰውም። ልጁን የሚጎዳው አለማወቃችን ሳይሆን አለማወቃችንን በቍጣ መሸፈናችን ነው። ኬፕለርን ያወጣችው እናት የከዋክብት መምህር አልነበረችም፤ እጁን ይዛ ወጣች እንጂ። እኛም ዛሬ ማታ ልጃችን ስለ ጨረቃ የጠየቀን እንደ ሆነ፣ «አላውቅም፤ ና ወጥተን አብረን እንቍጠር» እንበለው።