አታሟርት!

ባገራችን ስለ ክፉ ቀን አስቀድሞ የሚያወራ ሰው አይወደድም። «ቢቃጠልስ?»፣ «ጎርፍ ቢወስደውስ?» ያለ ሰው ሟርተኛ ይባላል። የፈራው ነገር የደረሰ ቀን ደግሞ፣ ክፉውን ስሙን ጠርቶ ያመጣው እሱ ይመስል፣ ቂሙ በእሱ ላይ ነው።

ይህን ጠባያችንን እንዳስብበት ያደረገኝ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጋር ያደረግሁት አጭር ወሬ ነው። የምትሠራበት የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላቱን ሒሳብ በሙሉ ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር አዛውሯል። ደስ የሚል ነገር ነው።

«ኮምፒውተሩ ቢበላሽስ?» አልኳት።

«ቅጂ አለን» አለችና እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካውን ፍላሽ አሳየችኝ።

«ክፍሉ ውኃ ቢገባበትስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አያሟርቱብን!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሳቁ አለፈ፤ ጥያቄው ግን አላለፈም። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባሮ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በክረምት ባሮ ይሞላል፤ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ለዚህ አገር ሰው የወንዝ ሙላት ቀጠሮ ያለው እንግዳ ነው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሰፈሩበትን የሌይችዎር መጠለያ ጎርፍ አጥለቀለቀው። በ2007 ዓ.ም. ስደተኞቹ ወደ ጀዊና ወደ ሌላ መጠለያ ተዛወሩ። እንግዲህ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው እንደገና ከውኃ ሲሸሽ አስቡት። የራሽን ካርዱ ቢጠፋበት እንኳ፣ ስሙ ሌላ ቦታ በተቀመጠ መዝገብ ላይ ካለ ሰውየው አልጠፋም። መዝገቡም አብሮ ከጠፋ ግን «እኔ እገሌ ነኝ፤ ልጆቼም እነዚህ ናቸው» እያለ ማንነቱን እንደ አዲስ ሊለምን ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች «የአደጋ ጊዜ ማገገሚያ ዕቅድ» የሚሉት ነገር ሲጠቀለል ሁለት ጥያቄ ነው። የስንት ቀን ሥራ ቢጠፋብን እንችለዋለን? ሥራውስ ለስንት ሰዓት ቢቆም እንችለዋለን? ከዚያ ወዲያ ያለው ዝርዝር ነው። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ሌላ ቦታ ይሁን። ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑም በየጊዜው ይሞከር።

እኔን የምትከነክነኝ «እንችለዋለን» የምትለው ቃል ናት። እኛ ስንል እነማን ነን? ዕቅዱን የሚያወጣው ሥራ አስኪያጁ ነው። ለመጠባበቂያ ይወጣ የነበረውን ገንዘብ የሚቆጥበውም እሱ ነው። መዝገቡ ሲጠፋ ግን «ደረሰኝሽ የታል?» ተብላ የምትጠየቀው፣ በቆሎ ሸጣ ከጉሮሮዋ ነጥቃ ያስቀመጠችው እናት ናት። የሚቆጥበው አንዱ፣ የሚከስረው ሌላው! የራስን ንብረት ለዕድል መተው ምናልባት ድፍረት ይባል ይሆናል። የሰው ንብረት ለዕድል መተው ግን፣ ጎርፉ ባይመጣም እንኳ፣ አደራ መብላት ነው። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉት ለወርቅና ለከብት ብቻ አይመስለኝም።

መዝገብ ምን ያህል ከባድ አደራ እንደሆነ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ፣ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ለሰዓታት ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደተወሰደበት ገለጸ፤ አብዛኛው ግን ተመለሰ። ኅሊናው የወቀሰው ሰው አልጠፋም። ነገር ግን ማን ስንት እንደወሰደ መዝገቡ ይናገር ነበር። ገንዘብ ሄዶ መዝገብ ከቆየ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል። መዝገብ ከሄደ ግን ሐቀኛውም ሐቁን ማስረዳት አይችልም፤ ሌባውን ከእሱ የሚለየው ነገር አይኖርም።

«እስካሁን ምን ሆንን?» የሚሉም አሉ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ሜርስክ የተባለውን ግዙፍ የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ቫይረስ መታው። የሠራተኞቹን መግቢያ የሚቆጣጠሩት ኮምፒውተሮች አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ነበሩ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሟረተ ግን አልነበረም። ከሁሉም የተረፈው ጋና ያለው አንዱ ብቻ ነው። እሱም የተረፈው በዚያ ሰዓት መብራት ሄዶ ስለነበር ነው! እኛ ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ መብራት መጥፋት ለአንድ ቀን ባለውለታ ሆነ። ድርጅቱ ግን ጉዳቱን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ያን ያህል ሀብት ያለው ድርጅት በመብራት መጥፋት ከዳነ፣ ዕድልን ዕቅድ ብሎ መጥራት ምን ይሉታል?

«ደመወዝ እንኳ በግድ ነው የምንከፍለው» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። የማኅበሩ ገንዘብም የአባላቱ ነው፤ ላይመጣ ለሚችል አደጋ ማውጣት ያስጨንቃል። ነገር ግን መጠባበቂያ ከውድ ዕቃ ይልቅ ልማድ ይፈልጋል። በየሳምንቱ አንድ ሃርድ ዲስክ ወደ ደጋው፣ ወደ ጎሬ ወይም ወደ መቱ የሚያደርስ የታመነ ሰው ማግኘት አያቅትም። ዲስኩ ግን በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ቅጂውም አደራ ነውና። ሸሽቶ ለመጣ ሰው፣ ስሙ ከማይሆን እጅ መግባቱ ከመጥፋቱ ሊብስ ይችላል።

ደግሞስ ይህ ለጋምቤላ ሰው ምኑ አዲስ ነው? የአኙዋ ገበሬ በዝናብ የሚያበቅለው ማሳ አለው፤ ውኃው ሲሸሽ ወንዝ ዳር የሚዘራውም ሌላ አለው። አንዱ ቢከዳው ሌላው ይኖረዋል። ኑዌሩ ከብቱን በበጋ ወደ ወንዝ፣ በክረምት ወደ ከፍታ ይነዳል። «ወንዙ ይሞላል፤ ከብቱን አንሡ» ያለውን ሽማግሌ ሟርተኛ ያለው የለም። ለከብቱ ያወቅንበትን ለመዝገቡ ምነው አቃተን?

ስለዚህ የሰው ስምና የሰው ሒሳብ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ቅጂው የት እንዳለና መጨረሻ ተከፍቶ የታየው መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ። ሟርተኛ ብትባሉም ቻሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል ይሻላል።